መጥባት የተሳነውን እምቦሳ በእጅ ስለ መመገብ

የዛሬዋ ጥጃ የነገዋ ላም፣ የዛሬው እምቦሳ የነገው በሬ መሆኑን የማያውቅ አርቢ የለም። ይሁን እንጂ ላም ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓቶች እምቦሳው ተነሥቶ መቆሙንና መጥባቱን በቅርብ የሚከታተለው ብዙ አይደለም። በተለይ ላሟ ሌሊት ከወለደች ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ሲነጋ ነው። ጤነኛው እምቦሳ በዚያን ጊዜ ጠብቶ፣ ደርቆ፣ እናቱን እየተከተለ ይገኛል። ደካማው ግን ጆሮው ቀዝቅዞ፣ አንገቱን ወደ ጎኑ አጥፎ ከጋጣው ጥግ እንደ ተኛ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚደረገው ወተት በጠርሙስ ሞልቶ፣ አፉን በግድ ከፍቶ መጋት ነው። ሐሳቡ በጎ ነው፤ ሆኖም በዚህ አኳኋን የተጋተ ደካማ እምቦሳ ከረኃቡ ይልቅ በተጋተው ወተት ሊሞት ይችላል። ይህ እንዳይሆን ምን መደረግ እንዳለበት ከዚህ በታች ተገልጿል።

አንዳንድ እምቦሳ ደክሞ የሚወለድበት ምክንያት ልዩ ልዩ ነው። ምጥ የጠናባት ላም የወለደችው፣ ያለ ጊዜው የተወለደ፣ መንታ የሆነ፣ እናቱ በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት መኖ ያጣችበት፣ ወይም በብርድ ሌሊት ከሜዳ ላይ የተጣለ እምቦሳ ለመቆም አቅም ያንሰዋል። በተጨማሪም ዲቃላ ከብት በሚረባበት አካባቢ የጥጃው መጠን ይታሰብበታል። በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት እንደ ሆለታና ባኮ ባሉ ጣቢያዎቹ የቦረን፣ የሆሮና የባርካ ላሞችን ከፍሪዝያን፣ ከጀርሲና ከሲሜንታል ጋር ሲያዳቅል ከቆየ ወዲህ ዲቃላ ላም በብዙ አርሶ አደር በረት ገብታለች። ዲቃላ ጥጃ ሲወለድ ከአገሩ ጥጃ የሚከብድ በመሆኑ የእናቱ ዳሌ ጠባብ ከሆነ ምጡ ይረዝማል፤ ጥጃውም ደክሞ ይወጣል።

በሌላ በኩል የአገራችን ላም ጥጃዋ ካልጠባላት ወተቷን በቀላሉ አትለቅም። ጥጃ ሲሞት ቆዳው ገለባ ተሞልቶ በላሟ ፊት የሚቆመው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በአገር ላም ዘንድ የእምቦሳው መዳን ለነገ ከብት ብቻ ሳይሆን ለዛሬው የቤተ ሰብ ወተትም ነው።

እንገር ለማን?

ጥጃ ከእናቱ ማሕፀን የሚወጣው በሽታን የሚቋቋምበት ስንቅ ሳይኖረው ነው። የሰው ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ ከእናቱ ደም በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮችን ያገኛል። የላም የእንግዴ ልጅ ግን የእናቲቱንና የጽንሱን ደም በብዙ ሽፋን ስለሚለይ ይህን አያሳልፍም። ጥጃው ስንቁን የሚያገኘው ከእንገር ብቻ ነው። ይህም ቢሆን የጊዜ ገደብ አለው። የጥጃው አንጀት እነዚህን ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ወደ ደም የሚያሳልፈው በተለይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ችሎታው በፍጥነት እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ይዘጋል። በማግስቱ የተሰጠ እንገር ምግብነቱ መልካም ቢሆንም ወደ ደም የሚገባ መከላከያ አይሆንም።

መጠኑን ለመገመት የጥጃውን ክብደት ለአሥር ማካፈል ይበቃል። 22 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአገር ጥጃ በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓቶች 2 ሊትር ከሩብ ያህል፣ 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዲቃላ 3 ሊትር፣ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፍሪዝያን 4 ሊትር ሊያገኝ ይገባዋል። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ወይም ከግማሽ የሚበልጠው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓቶች ውስጥ ከሆዱ መግባት አለበት። ደካማ ጥጃ ይህን በአንድ ጊዜ ስለማይችል ግማሽ ግማሽ ሊትር እየሆነ በየሁለት ሰዓቱ ቢሰጠው ይሻላል።

በአንዳንድ አካባቢ እንገር ጥጃውን ያስቀምጠዋል እየተባለ ሆን ተብሎ እንዳይጠግብ ይደረጋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሳምንቱ በተቅማጥ የሚያዘው በአብዛኛው በቂ እንገር ያላገኘው ነው። እንገር ለቤተ ሰብና ለጎረቤት የሚዳረስ ምግብ መሆኑም የታወቀ ነው፤ ደስታም ስለሆነ ይቅር የሚል ሰው ሰሚ አያገኝም። ቅደም ተከተሉ ግን ሊከበር ይገባል፦ የመጀመሪያው ግት የጥጃው ነው፤ ጥጃው ከጠገበ በኋላ የሚታለበው ለድስቱ ይሁን።

ስለ ድስት ከተነሣ፣ እንገር እሳት ላይ ሲጣድ እንደ አይብ የሚረጋው ፕሮቲኑ እጅግ የበዛ በመሆኑ ነው። ከዚያ ፕሮቲን ውስጥ ዋናው ክፍል ጥጃውን ከበሽታ የሚከላከለው ነው። ስለዚህ የረጋ እንገር መከላከያው የጠፋበት እንገር ነው። ለጥጃ የሚሰጠው በፍጹም መፍላት የለበትም፤ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ መሞቅም የለበትም። የቀዘቀዘ ከሆነ ዕቃው እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ የሰውነት ሙቀት እስኪኖረው ድረስ ይጠበቃል።

እናቲቱ ከሞተች ወይም ግቷ ካበጠ በዚያው ሰሞን ከወለደች ከሌላ ጤነኛ ላም እንገር ይፈለጋል። ይህቺ ላም ከራስ በረት ብትሆን ይመረጣል፤ የሳንባ ነቀርሳን የመሰሉ በሽታዎች በወተት ስለሚተላለፉና የጥጃው እንገር የማይፈላ ስለሆነ ጤንነቷ ካልታወቀ የሰው ላም መውሰድ ያሰጋል። የመብራት ኃይል ባለበት አካባቢ ብዙ ወተት ከምትሰጥ ላም የተረፈውን እንገር በግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ዕቃ እያደረጉ በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሳይሟሟ ከቆየ እስከ አንድ ዓመት ያገለግላል። በቆዩ መምሪያዎች እንቁላልና የጉሎ ዘይት በወተት በጥብጦ በእንገር ፈንታ መስጠት ተጽፎ ይገኛል። ይህ ምግብ ሊሆን ይችላል እንጂ በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገር የለውም፤ እንገር ጨርሶ ሲጠፋ ብቻ የሚደረግ ነው።

ሙቀት ከወተት ይቀድማል

እንደ ሆለታ ባለ ደጋ አገር በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት ጊዜ፣ እናቱ ያልላሰችው እርጥብ እምቦሳ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የጤነኛ ጥጃ የሰውነት ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ነው። ለሰው የሚሸጠውን የሙቀት መለኪያ በፊንጢጣው አስገብቶ ማየት ይቻላል፤ መለኪያውም ከዚያ በኋላ ለከብት ብቻ እንዲሆን ምልክት ይደረግበታል። መለኪያ የሌለው አርቢ ታጥቦ የደረቀ ጣቱን በጥጃው አፍ ውስጥ ያግባ። የአፉ ውስጥ ከቀዘቀዘ ጥጃው እጅግ በርዶታል ማለት ነው።

የበረደው ጥጃ አንጀቱ አይንቀሳቀስም፤ የመጥባት ስሜቱም ይጠፋል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ወተት ቢሰጠው ከሆዱ ተኝቶ ይበላሻል። ስለዚህ አስቀድሞ በደረቅ ጭድ ወይም በጆንያ ጠንከር አድርጎ ማሸትና ማድረቅ፣ ከዚያም ነፋስ ወደማይገባበት ቤት ማስገባት ያስፈልጋል። ለብ ካለው ትንሽ ከፍ ያለ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱና በጎኑ ማድረግ በጣም ይረዳል። ምድጃ ዳር ማስተኛትም የተለመደ ነው፤ ሆኖም ጭሱ ሳንባውን እንዳይጎዳውና ፍም እንዳይደርስበት መጠንቀቅ ይገባል። እጅግ የበረደውን ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ደግፎ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ገንዳ ውስጥ መንከር ይቻላል፤ ግን ከወጣ በኋላ እስከ ቆዳው ካልደረቀ ድካሙ ከንቱ ነው። ውርጩ ሁለተኛ ያገኘዋል።

በዚሁ ጊዜ እትብቱን በቲንክቸር አዮዲን መንከር አይዘንጋ። አመድ ወይም እበት መቀባት ግን በሽታን በገዛ እጅ ማስገባት ነው።

መጥባትና መጋት

ጥጃ አራት የጨጓራ ክፍሎች አሉት። ወተት መፈጨት የሚገባው በአራተኛው፣ እውነተኛው ጨጓራ በሚባለው ውስጥ ነው። ጥጃው በሚጠባበት ጊዜ ከጉሮሮው መጨረሻ ጀምሮ የሚገኝ የሥጋ እጥፋት እንደ ቦይ ተጠቅልሎ ይዘጋና ወተቱን በቀጥታ ወደዚያ ያሳልፈዋል። ይህን ቦይ የሚያዘጋው የመጥባቱ ሥራ ራሱ ነው። በግድ የተጋተ ጥጃ ስለማይጠባ ቦዩ አይዘጋም፤ ወተቱም ገና ሥራ ባልጀመረው በትልቁ ጨጓራ ውስጥ ወድቆ ይኮመጥጣል፣ ሆዱንም ይነፋል። ከዚህ የባሰው ግን ሁለተኛው መንገድ ነው። ደካማ ጥጃ በደንብ መዋጥ ስለማይችል አፉ ውስጥ የተንቆረቆረው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ገብቶ ሳንባው ውስጥ ይደርሳል። አንዳንዱ ወዲያው ታፍኖ ይሞታል። ሌላው ለጊዜው የተሻለው መስሎ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ በሳንባ ምች ይሞታል፤ ባለቤቱም «ወተት እየጠጣ ሳለ ሞተብኝ» ይላል።

ስለዚህ ከወተቱ በፊት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ንጹሕ ጣት በጥጃው ምላስ ላይ ተደርጎ ላንቃው በዝግታ ይታሻል። ጣቱን በምላሱ ጠቅልሎ ከሳበው በጡጦ መመገብ ይቻላል። ጣቱን ካኘከው ወይም ዝም ካለው ግን አንድ ጠብታም በአፉ አይፈስስም፤ ወደ ማሞቁና ወደ ማሸቱ ተመልሶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና መሞከር ነው። ከበረደው ጥጃ ብዙው ሰውነቱ ሲሞቅ መጥባት ይጀምራል።

ጡጦው ለጥጃ የተሠራ የጎማ ጡት ቢኖረው መልካም ነው፤ ከእርሻ መድኃኒት መደብር ይገኛል። የመስታወት ጠርሙስ ጥጃው ነክሶ ሊሰብረው ስለሚችል የግማሽ ሊትር ወይም የአንድ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ይመረጣል። የጎማው ቀዳዳ ሲዘቀዘቅ ወተቱን የሚያንጠባጥብ እንጂ የሚያንዠቀዥቅ መሆን የለበትም። ወተት ቶሎ አልወርድ አለ ብለው ቀዳዳውን በምላጭ የሚያሰፉ አሉ፤ ይህ ጡጦውን መልሶ መጋቻ ማድረግ ነው።

ጥጃው በጎኑ ተኝቶ አይመገብም። መቆም ከቻለ ቆሞ፣ ካልቻለም እግሮቹን ከሥሩ አጥፎ በደረቱ እንዲያርፍ ይደረግና በግራና በቀኝ ጭድ በተሞላ ጆንያ ይደገፋል። የሚመግበው ሰው አጠገቡ ተንበርክኮ በአንድ እጁ መንጋጋውን ከሥር ይይዛል። አንገቱ የእናቱን ጡት ሲጠባ በሚይዘው አኳኋን በመጠኑ ቀና ይላል፤ ወደ ሰማይ ከተቀለበሰ ግን መዋጥ ያቅተዋል። ጡጦው አይጨመቅም። ጥጃው ጥቂት ጊዜ ጠብቶ ሲያርፍ አብሮ ማረፍ ነው። ካሳለው ወይም በአፍንጫው ወተት ከወጣ ወዲያው ማቆም፣ ጭንቅላቱን ዝቅ ማድረግና ትንፋሹ እስኪረጋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግማሽ ሊትር ለማጥባት ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ አያስገርምም። ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ወይም ልጆቹ ከአባወራው የተሻለ ያደርጉታል፤ ምክንያቱም አይቸኩሉም።

ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ደካማው ጥጃ በየቀኑ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ወተት በ4 ጊዜ ተከፍሎ ያገኛል። የሙቀቱ መጠን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት፣ ማለትም ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ይሁን። በባልዲ ማጠጣት የሚፈለግ ከሆነ ጥጃው ከበረታ በኋላ ሁለት ጣት ወተቱ ውስጥ ነክሮ እያጠቡ ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው፤ ገና ሳይበረታ መቸኮል አይገባም። ከያንዳንዱ አመጋገብ በኋላ ጡጦው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቀለቃል፤ ሙቅ ውሃ ቀድሞ ከገባ ወተቱን በዕቃው ላይ ያረጋዋል። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል። የመጋቢውም እጅ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በሳሙና ይታጠባል፤ የጥጃ ተቅማጥ ወደ ሰው፣ በተለይም ወደ ሕፃናት ሊተላለፍ ይችላልና።

ከሞቀ በኋላም የማይጠባ ጥጃ ስድስቱ ሰዓት ከማለፉ በፊት እንገሩን በቱቦ ማግኘት አለበት። ይህ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወይም ከባለሙያ የተማረ ሰው ሥራ ነው። ቱቦው ከጥጃው አፍንጫ ጫፍ እስከ ክርኑ ባለው ርዝመት ልክ ምልክት ይደረግበትና ጥጃው እየዋጠው እንዲገባ ይደረጋል። በአንገቱ ላይ በእጅ ሲዳሰስ ሁለት ቧንቧዎች፣ ማለትም ጠንካራው የአየር ቧንቧና ከጎኑ ቱቦው፣ ለየብቻ መታወቅ አለባቸው። ሁለተኛው ካልተገኘ ወይም ጥጃው ካሳለ ቱቦው ሳንባ ውስጥ ስለሆነ ወዲያው ይወጣል። በቱቦ የገባ እንገር መጀመሪያ ወደ ትልቁ ጨጓራ ቢወርድም ተርፎ ወደ አንጀት ስለሚያልፍ ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ ጉዳት የለውም። በየቀኑ ወተት በቱቦ መስጠት ግን ቀደም ሲል የተጠቀሰውን መኮምጠጥ ያመጣል።

ጥጃው ሲያስቀምጠው

በሁለተኛው ሳምንት ውስጥ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ የሚመጣው ተቅማጥ ጥጃን የሚገድለው በአብዛኛው በውሃና በጨው መመናመን ነው። ዓይኑ ከጎድጓዳው ወደ ውስጥ ይገባል። የአንገቱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ፈሳሽ ጎድሎታል፤ ከስድስት ሰከንድ በላይ ከቆየ ወይም ጥጃው መቆም ካቃተው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ስለሚያስፈልገው ሐኪም ሳይውል ሳያድር ይጠራ።

ለጥጃ ተብሎ የተዘጋጀ የጨውና የግሉኮስ ዱቄት ካልተገኘ፣ ከጤና ጣቢያና ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ተበጥብጦ ይሰጣል። ለ30 ኪሎ ግራም ጥጃ በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር፣ ግማሽ ወይም አንድ አንድ ሊትር እየሆነ፣ ከወተቱ ቢያንስ በሁለት ሰዓት ተለይቶ ይሰጠዋል። ከወተት ጋር አይቀላቀልም፤ ወተቱ በጨጓራው ውስጥ እንዳይረጋ ያደርገዋልና። ብዙ ሰው ለልጁ እንደሚያደርገው ሁሉ የቤት ስኳርና ጨው በጥብጦ ለጥጃው ይሰጣል። ይህ ለሰው ልጅ መልካም ቢሆንም ጥጃ የቤት ስኳርን የሚፈጭበት ቅመም በአንጀቱ ስለሌለው ስኳሩ ሳይፈጭ ወርዶ ተቅማጡን ያብሰዋል። የሚያስፈልገው ግሉኮስ ነው።

ተቅማጥ ሲይዘው ወተትን ጨርሶ ማቋረጥ በፊት ይመከር ነበር። አሁን የሚታወቀው ወተት የተከለከለው ጥጃ ከበሽታው በተጨማሪ በረኃብ እንደሚደክም ነው። ስለዚህ መጥባት እስከ ቻለ ድረስ ወተቱ በትንንሽ መጠን ይቀጥላል። ከገበያ የተገዛ የቴትራሳይክሊን ዱቄት ወይም እንክብል በወተት በጥብጦ መስጠት ግን ገንዘብን ከመፍጀቱም በላይ፣ አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ተሕዋስያን ያጠፋል። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከ40 ዲግሪ የሚበልጥ ትኩሳት ወይም የተፋጠነ ትንፋሽ ከታየ ለየትኛው መድኃኒት የሚለውን ሐኪሙ ይወስን።

ወደ እናቱ መመለስ

የአገር ላም ጥጃ በእጅ በሚመገብበት ጊዜ ሁሉ እናቱ ልታየው፣ ልታሸተውና ልትልሰው ይገባል። ሁለትና ሦስት ቀን ከተለየች ልትገፋው ትችላለች። ጀርባው ላይ ጥቂት ጨው መነስነስ እንድትልሰው ያደርጋታል። በእያንዳንዱ የምግብ ሰዓት መጀመሪያ ወደ ግቷ ተጠግቶ፣ ጡቷ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ጥቂት ወተት በከንፈሩ ላይ ታልቦለት እንዲሞክር ይደረጋል። ጎድሎ የቀረው ብቻ በጡጦ ይሞላለታል። እርሱ ያልጠባው ወተት በእጅ ታልቦ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ግቷ ያብጣል፣ ወተቷም ይደርቃል።

ጥጃው በቂ መጥባቱ የሚታወቀው ጎኑ ሞልቶ፣ አፍንጫው እርጥብ ሆኖ፣ ጠብቶ ሲጨርስ ተጠቅልሎ ሲተኛና ሲነሣ ጀርባውን ሲለጥጥ ነው። በሁለት ተከታታይ ቀናት በያንዳንዱ ጊዜ ከእናቱ ራሱ ከጠባ ጡጦው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ አቧራ በማይገባበት ሥፍራ ለሚቀጥለው ይቀመጣል።